ሐረግ የወረሰው መሬት፦ ሮታቬተሩ ይቆይ

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ መቂ አካባቢ አባቴ ሲያርሱት የነበረ 4 ሄክታር መሬት አለኝ። እሳቸው ካረፉ ወዲህ አምስት ዓመት ጦሙን አድሯል። አሁን ሐረግ ወርሶታል። አንዳንድ ቦታ ከወገቤ በላይ ነው፤ ዳር ዳሩን ደግሞ ግራሮቹ ላይ ወጥቷል። በመጪው ክረምት ቦሎቄ ልዘራበት አስቤያለሁ። ባለ 80 የፈረስ ጉልበት ትራክተር ከነሮታቬተሩ (በሚሽከረከሩ ቢላዎች አፈር የሚፈጨው መሣሪያ) በኪራይ አግኝቻለሁ። ሾፌሩ ‹አንዴ ልግባበት እንጂ ቆርጬ፣ ፈጭቼ፣ አለስልሼ ነው የማስረክብህ› ይለኛል። ልመነው?»

አትመነው። ሰውዬው ይዋሽሃል ማለቴ አይደለም። ሽንኩርትና ቲማቲም ሲፈራረቅበት በኖረ ማሳ ላይ ሮታቬተር በእርግጥ ያንን ያደርጋል። አንዴ ሲያልፍበት አፈሩ ዱቄት ይሆናል። መቂ ላይ ሲሠራ የኖረ ሾፌር በዓይኑ ያየው ይህንን ነው። ያንተ ማሳ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

የእኔን ጉድ ልንገርህ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አዋሽ ዳር እንዳንተው ያለ መሬት ላይ ሮታቬተር አስገባን። አርባ እርምጃ ያህል እንደሄደ የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። ማቃሰት ጀመረ። አቁመን፣ አንስተን ስናይ ቢላዎቹ የሉም! ማለቴ አይታዩም። ሐረጉ ዘንጉ ላይ እንደ እንዝርት ፈትል ተጠምጥሞ፣ ጠብቆ፣ እንጨት የመሰለ አንድ ወፍራም ጥቅልል ሆኗል። በቢላና በገጀራ እየሸረከትን ለማውጣት ሦስት ሰዓት ፈጀብን። ወጣ ስንል ደግሞ ከጎኑ ዘይት ያንጠባጥባል። ሐረጉ ዘንጉ ጫፍ ድረስ ገብቶ የዘይት መከለያውን ጎማ በልቶታል። በሳምንቱ ኩሽኔታው ተቃጠለ።

ያም ሆኖ ዋናው ጥፋት የማሽኑ አልነበረም። በሦስተኛው ሳምንት ዝናብ ጣለ። ማሳውን ስናየው ሮታቬተሩ ባለፈበት መስመር ሁሉ ሐረግ በቅሏል። ካልገባበት ቦታ የበለጠ ችፍግ ብሎ! እያንዳንዱ የተቆረጠ የሥር ቁራጭ አፈር ለብሶ፣ እርጥበት አግኝቶ፣ ራሱን ችሎ ቆመ። አንዱን ሐረግ መቶ አድርገን ተክለነዋል ማለት ነው፤ ያውም ነዳጅ ከፍለን።

ስለዚህ ሮታቬተሩን ከፈለግከው መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን። ጥያቄህ የደረሰኝ በየካቲት ነው። ቦሎቄ በእናንተ አካባቢ የሚዘራው ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ነው። አራት ወር አለህ። ይህ ሥራ ደግሞ ከጉልበት ይልቅ ተራ ጠብቆ መሄድን ይፈልጋል፦ መቁረጥ፣ ማድረቅ፣ ማውጣት፣ ከዚያ ማረስ።

ከሁሉ በፊት ግን ሐረጉ ምን እንደሆነ እወቅ። ዶማ ያዝና ከተለያየ ቦታ አምስት ስድስቱን ከነሥሩ አውጥተህ እየው። አንድ ዋና ሥር ብቻ ኖሮት፣ ስትስበው ሙልጭ ብሎ የሚወጣ ከሆነ እሰየው። ያ በየዓመቱ ከዘር የሚበቅል ነው። ዘር ሳይጥል ከቆረጥከው ግማሹ ሥራ አለቀ።

ሥሩ ነጭ፣ ገመድ የመሰለ፣ ወደ ጎን የሚሄድና ስትስበው እየተበጠሰ የሚቀር ከሆነ ግን ተጠንቀቅ። ቅጠሉ የቀስት ጫፍ ይመስላል? አበባው ትንሽ መለከት የመሰለ፣ ነጭ ወይም ነጣ ያለ ሮዝ ነው? እንግዲያው ባለሙያዎች ኮንቮልቩለስ የሚሉት ነው። ሥሩ ወደ ታች ብዙ ሜትር ይወርዳል። የጣት ርዝመት ያላት ቁራጭ ትበቃዋለች፤ እንደገና ያቆጠቁጣል። ዘሩ ደግሞ አፈር ውስጥ አሥርት ዓመታት ይቆያል። እኔን ጉድ የሠራኝ እሱ ነበር።

የምድር እንቧይም ሊኖር ይችላል። እሱን ታውቀዋለህ። ሥሩ ወፍራም ስለሆነ በማረሻ ተነቅሎ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ይሞታል፤ ብዙ አያስቸግርም። ግራሮቹ ላይ የወጣው ደግሞ አዞ ሐረግ ከሆነ በባዶ እጅህ አታሽሸው። ፈሳሹ ቆዳ ያቆስላል።

ሌሎች ሁለት ደግሞ ለይቼ ልንገርህ። አንደኛው፣ ስትቆርጠው ነጭ ወተት የሚያወጣ፣ ግንዱ እንጨት የሆነ ሐረግ ነው። አበባው ሰፊ፣ ነጣ ያለ ሮዝ ነው። ፍሬው ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ ጀርባና ጀርባውን ገጥሞ እንደ ቀንድ ይወጣል። የጎማ ሐረግ ይሉታል። አገሩ ማዳጋስካር ነው፤ በምሥራቅ ሸዋ ቆላማ ክፍል ገብቶ አስቸግሯል። ወተቱ ለከብትም ለሰውም መርዝ ነው። ዓይን ውስጥ እንዳይገባ። «የጎረቤት ፍየል አስገብቼ ቅጠሉን ላስበላው» ብለህ እንዳታስብ። የፍሬው ቆብ ሲሰነጠቅ ዘሩ ሐር የመሰለ ጭራ አለውና በነፋስ ይበተናል። ስለዚህ ፍሬው ሳይደርቅ መቆረጥ አለበት።

ሁለተኛው ቅጠል የለውም። ብጫ ክር ነው የሚመስለው። ሌላው አረም ላይ እንደ ሸረሪት ድር ተጠምጥሞ ታየዋለህ። ኩስኩታ ይባላል። ኑግ የሚዘሩ ገበሬዎች በደንብ ያውቁታል፤ ዘሩ ከኑግ ዘር ጋር ተደባልቆ ይሄዳል። መሬት ውስጥ ሥር የለውም፤ የሚኖረው የሌላውን ተክል እየመጠጠ ነው። ይህንን ካየህ ትራክተር ከመግባቱ በፊት ቦታውን ለይ፣ ከተጠመጠመበት አረም ጋር በማጭድ አጭደህ እዚያው አድርቀህ አቃጥል። በማሽን ከበተንከው ማሳህ ሙሉ ይሆናል።

ቀጥሎ ማሳውን በእግርህ ተመላለስበት። ይህንን አታሳጥረው። ቦት ጫማ አድርግ፣ ረጅም ዱላ ያዝ፣ ከተቻለ ድሮ መሬቱን የሚያውቅ ጎረቤት አብሮህ ይሂድ። ኩይሳ፣ ድንጋይ፣ የአጥር ሽቦ፣ ጉቶ ትፈልጋለህ። ከሁሉ በላይ የምፈራልህ ግን ጉድጓድ ነው። መቂና ዝዋይ ዙሪያ ለመስኖ ሞተር ፓምፕ ተብሎ ያልተቆፈረ መሬት ማግኘት ከባድ ነው። ተትቶ ሐረግ የሸፈነው ጉድጓድ ከላይ ሲታይ ለጥ ያለ አረንጓዴ ነው። የትራክተር የፊት ጎማ እዚያ ከገባ ሾፌሩ ላይተርፍ ይችላል። አባትህ የት አስቆፍረው እንደነበር እናትህን፣ አጎቶችህን ጠይቅ። ባገኘኸው ነገር ሁሉ ላይ ረጅም እንጨት ትከልና ቀይ ፌስታል እሰርበት። ሾፌሩ ከወንበሩ ሆኖ ማየት አለበት። እባብና ንብም አይጠፋም። አንዴ ረብሸህ አሳድረው፤ በማግስቱ ግባ።

በዚሁ ጊዜ ዳር ዳሩን በሰው ኃይል አስጀምር። ሁለት ሰው ገጀራ ይዞ፣ ግራሮቹ ላይ የወጣውን ሐረግ ከግርጌው ይቁረጥ። ወደ ታች አይጎትቱት። የደረቀ ቅርንጫፍ ሐረጉን ተከትሎ አናት ላይ ይወርዳል። ትራክተርም ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ሐረግ ሲጎትት ያው ነው የሚሆነው፤ ለዚህም ነው አስቀድሞ መለየት ያለበት። ተቆርጦ ዛፉ ላይ የቀረው ራሱ ደርቆ ይረግፋል። ቦረቦር ካለህ ግን አፋፉ ላይ ያለውን ሦስት አራት ሜትር ስፋት አትንካው። ያ ሐረግ ባይኖር አፈሩ ክረምቱን አይቆይልህም።

አሁን ማሽኑ። የሚያስፈልግህ በፒቲኦ (የሞተሩን ኃይል ከትራክተሩ ኋላ ወደ መሣሪያው በሚያስተላልፈው) የሚዞር የቁጥቋጦ መቁረጫ ነው፤ ብዙዎቻችን ስላሸር የምንለው። ከሮታቬተር የሚለየው ምኑ ነው? የስላሸር ምላጭ ቆሞ ከሚዞር ዘንግ ሥር ተንጠልጥሎ አግድም ነው የሚዞረው። ይቆርጣል፣ ይጥላል። አፈር አይነካም። መጠምጠም እሱም ላይ አይቀርም፤ ግን እንደ ሮታቬተር አይሆንም። ላንተ 1.5 ሜትር ስፋት ያለው ይበቃል። ባለ 80 ፈረሱ ሳይጨነቅ ይነዳዋል።

ምላጩን አስለህ አስገባው። ለቁጥቋጦ ደነዝ ምላጭም ይሠራል፤ እንጨቱን ይሰብረዋል። ሐረግ ግን አይሰበርም። ደነዝ ምላጭ ያሽሸዋል፣ ያረዝመዋል፣ ያ ረጅም ጭረት ነው ሄዶ የሚጠመጠመው።

አቆራረጡ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ማሽኑ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ይለፍ። ከዚያ በዚያው መስመር 10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ዝቅ ይበል። ወገብ የሚያህል ሐረግ በአንዴ ዝቅ ብሎ ቢጀመር ከሥሩ ይቆረጥና ሙሉ ርዝመቱን ይዞ ይጎተታል። ፍጥነቱ በሰዓት ከ4 ኪሎ ሜትር አይብለጥ፤ ሰው ዘና ብሎ የሚራመደው ያህል ነው። ኃይሉ ከሞተር ይምጣ፤ ማርሹ ዝቅ፣ የፒቲኦው ዙር ሙሉ። መታጠፊያው ላይ ማሽኑ ይነሳ። በየሃያ ደቂቃው ይቁም፣ ሞተር ይጥፋ፣ ቁልፉ ይውጣ፣ የተጠመጠመው ይነቀል። ሃያ ደቂቃ ላይ በእጅ የሚላቀቀው ሁለት ሰዓት ላይ መጋዝ ይፈልጋል።

ስለሰዓት ካነሳን ሂሳቡ ይህ ነው። 1.5 ሜትር ስፋት በ4 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሰዓት 0.6 ሄክታር ይሆናል። መታጠፊያውን፣ ማቆሙን፣ ማጽዳቱን ስትቀንስ 0.4 ገደማ ትቀራለች። 4 ሄክታርህ ለአንድ ዙር አሥር ሰዓት ያህል ይፈጃል ማለት ነው። ሾፌሩ «በአራት ሰዓት እጨርሰዋለሁ» ካለህ አልተግባባችሁም። እንዲህ ላለ ማሳ ውሉን በሄክታር አታድርገው። በሄክታር የሚከፈለው ሰው ይሮጣል፤ ቢሮጥ አይፈረድበትም። በሰዓት ክፈል፣ አጠገቡ ቁም።

አጠገቡ ስል ግን ራቅ ብለህ። ስላሸር ድንጋይ ካገኘ እንደ ወንጭፍ ነው የሚወረውረው። ከፊትና ከኋላ የሚንጠለጠለው የሰንሰለት መከለያ መኖሩን ሳታይ ሥራ እንዳይጀመር። ሰውና ከብት 100 ሜትር ይራቅ። የሰፈር ልጆች ትራክተር ሲያዩ መምጣታቸው አይቀርም፤ የሚጠብቃቸው ሰው መድብ።

የፒቲኦው ዘንግ፣ ካርዳን የምንለው፣ ነገሩ ደግሞ ለብቻው ይነሳ። በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል፤ በሰከንድ 9 ማለት ነው። ነጠላ፣ ጋቢ፣ የሸሚዝ እጅጌ አንዴ ከያዘ ሰውየው «ኧረ» ለማለት እንኳ ጊዜ የለውም። የፕላስቲክ መከለያ ቱቦው የተሰበረ ካርዳን ይዞ የመጣ ትራክተር መልሰህ ላከው። እያፈርክም ቢሆን መልሰው። ሐረግ ሲጠመጠም ደግሞ ሁሌም የሚመጣ ፈተና አለ፦ «ሞተሩን ሳላጠፋ በእግሬ ልርገጠውና ላላቅቀው»። በዚህ እግራቸውን ያጡ ሰዎች አውቃለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ካርዳኑ ላይ ሆን ተብሎ ደከም ተደርጎ የተሠራ ብሎን አለ። ምላጩ ጉቶ ሲመታ ካምቢዮውን ለማዳን እሱ ይበጠሳል። እንዲህ ያለ ማሳ ላይ በቀን ሁለት ሦስቴ ሊበጠስ ይችላል። ሾፌሮች ይሰለቻሉ። ይሰለቹና በቦታው ወፍራም ብረት ይከቱበታል። ከዚያ በኋላ ብሎኑ አይበጠስም፤ ካምቢዮው ይሰነጠቃል። አሥር ያህል ትክክለኛ ብሎን ገዝተህ ኪስህ ያዝ። በእያንዳንዱ እረፍት የራዲያተሩ መረብ ይራገፍ፤ የሐረግ ቅጠልና ብናኝ ይደፍነውና ሞተሩ ይግላል። የአየር ማጣሪያውም እንዲሁ።

ከተቆረጠ በኋላ ምንም አትሥራ። አሥር ቀን፣ ሁለት ሳምንት። ይህ ሰው የሚያቅተው ክፍል ነው። ማሳው ተላጭቶ ሲታይ ትራክተሩ እዚያው እያለ ልረስበት ያሰኛል። ግን የወደቀው ሐረግ አሁንም ገመድ ነው። የማረሻ ዲስክ ቢያልፍበት አይቆርጠውም፤ ለስላሳ አፈር ውስጥ ይጫነዋል እንጂ። የየካቲት ፀሐይ ግን በነፃ ይሠራልሃል። ስትፈትነው፣ አንዱን አንስተህ ሁለት እጥፍ አጥፈው። እንደ ገመድ ከታጠፈ ጠብቅ። እንደ ደረቅ የማሽላ አገዳ ቋ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል። አሁን ስላሸሩን በፊተኛው መስመር ላይ አቋርጠህ አንድ ዙር ድገመው። የደረቀው ይሰባበራል፤ በዚያ መሃል ያቆጠቆጠውም ይቆረጣል።

የቀረውን ወፍራም ግንድ በመንሽ እያነሱ ወደ ዳር ማውጣት ነው። የፊት አካፋ ያለው ትራክተር ካገኘህ «ጠርጎ ያውጣው» እንዳትል። አካፋ ሐረጉንና አፈሩን አይለይም። ላይ ላዩን ያለው አንድ ስንዝር አፈር ነው ሀብትህ፤ ጠርገህ ዳር ላይ ከከመርከው ቦሎቄው በክምሩ ላይ ያምራል፣ ማሳው ላይ ይቀጭጫል። የክምሩ ነገር ሲነሳ፣ ብን ብሎ የደቀቀውን ማሳው ላይ ተወው። የምታቃጥለው ፍሬና ዘር የያዘውን፣ ወተት ያለውንና እንጨት የሆነውን ብቻ ይሁን። ወተት ያለው ሲነድ ጭሱን በነፋስ ጀርባ ሆነህ ሽሸው።

አሁን ወደ ማረሱ። በመጋቢት መጨረሻ ወይም በሚያዝያ የበልግ ዝናብ ትንሽ እንኳ ሲጥል አንድ እፍኝ አፈር ከአንድ ስንዝር ጥልቀት አውጥተህ ጨብጠው። ተጨብጦ ቆሞ፣ በአውራ ጣትህ ስትነካው ከፈረሰ ጊዜው ነው። ሙክክ ብሎ ከተጣበቀ ቆይ። ሳይያያዝ እንደ አሸዋ ከፈሰሰም ቆይ፤ ያንተ አገር አፈር ቀላል ነው፣ ደረቁን ካረስከው ነፋስ ይወስደዋል።

ለመጀመሪያው እርሻ ሦስት ዲስክ ያለው ማረሻ ጥሩ ነው። ዲስክ እየተንከባለለ ስለሚሄድ ሥርና ጉቶ ሲያገኝ ይወጣበታል፤ አይደናቀፍም። ጥልቀቱ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የዲስኩ መፋቂያዎች በቦታቸው መኖራቸውን እይ፤ ከሌሉ አፈርና ሐረግ ይለጠፍበትና ዲስኩ ድስት ይሆናል። ይህም ለ4 ሄክታር አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። መከስከሻውን (ከእርሻ በኋላ ጓል የሚሰባብረውን ባለ ዲስክ መሣሪያ) ቀድመህ አታስገባ። ሐረግ በሸፈነው መሬት ላይ መከስከሻ ይንሳፈፋል፤ በዲስኮቹ መካከል ደግሞ ይጠመጠማል።

ከዚህ በኋላ ያለው እንደ ሐረጉ ዓይነት ነው። ከዘር የሚበቅለው ብቻ ከሆነ ሦስት ሳምንት ጠብቅ፣ በልጉ ያብቅለው፣ ሁለት ሦስት ቅጠል ሲያወጣ በመከስከሻ ላይ ላዩን አጥፋው። በግንቦት አንዴ ድገመው። አለቀ።

ሥሩ ነጭ ገመድ የሆነው ካለህ ግን ዲስክን ከመጀመሪያው እርሻ በኋላ አታብዛው። ዲስክ ሥር ይቆራርጣል፤ ያ የእኔ ታሪክ ነው። ጥርስ ያለው ማረሻ ፈልግ፣ ቺዝል የሚባለውን። እሱ ሥሩን ሳይቆርጥ እንደ ማበጠሪያ እየሳበ ላይ ያወጣዋል፤ ፀሐይ ያደርቀዋል። የማይገኝ ከሆነ አትጨነቅ። የበሬ ማረሻ ያው ጥርስ ነው። አይገለብጥም፣ ይሰነጥቃል፣ ሥር ይጎትታል። አባቶቻችን እያቋረጡ ሲደጋግሙት የነበረው ለጌጥ አልነበረም። 4 ሄክታር በበሬ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ያ ሐረግ ያለበት ቦታ ግማሽ ሄክታር ከሆነ ጎረቤትህን በሬ አስጠምደህ በየሦስት ሳምንቱ እዚያ ላይ ብቻ መመላለስ ትችላለህ። ሥሩ ቅጠል ባወጣ ቁጥር ካከማቸው ምግብ ይከፍላል። ሳይመልስ ደግመህ ስታስከፍለው ይደክማል። በአንድ ዓመት ይጠፋል ብዬ ግን አልዋሽህም።

መድኃኒት መጠቀም ከፈለግክ ለዚህኛው ግላይፎሴት ይረዳል። ጊዜው ግን ከመቁረጥ በፊት ወይም በማግስቱ አይደለም። ከተቆረጠ በኋላ አቆጥቁጦ አንድ ክንድ ያህል ሲሆን፣ ቅጠሉ ለምለም እያለ፣ ከዝናብ በኋላ አቧራው ሲታጠብ ነው። አቧራ የለበሰ ቅጠል ላይ መርጨት ብር መርጨት ነው፤ መድኃኒቱ አፈር ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በደፍራሽ ውሃ መበጥበጥም ያው ነው። ከረጨህ በኋላ ሥሩ ድረስ እንዲወርድ ሁለት ሳምንት ሳትነካው ቆይ። እንጨት ለሆነው ደግሞ ግንዱን ዝቅ አድርገህ ቆርጠህ እዚያው በደቂቃዎች ውስጥ ጉቶውን ቀባው፤ ካደረ አይመጥም። ጓንት፣ ጭንብል፣ ቦት። መለያው ላይ ከተጻፈው መጠን አትለፍ።

ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም የሚገድለውን ቱፎርዲን (2,4-D) ግን ተወው። ስንዴና ጤፍ ላይ ስለለመድነው እጃችን ወደ እሱ ይሄዳል። ቦሎቄ ሰፊ ቅጠል ነው፤ መዝሪያው ሲቃረብ አፈር ውስጥ የቀረው ቡቃያውን ያጣምመዋል። ከዚያ የከፋው ጎረቤት ነው። መቂ ላይ አጥር ተሻግሮ ቲማቲም የሌለበት የት አለ? ቲማቲም ደግሞ የቱፎርዲ ሽታ የነካው ሲመስል ይጠማዘዛል። በነፋስ ቀን አንድ ታንከር ረጭተህ የዓመት ጠብ ትገዛለህ።

ስለመዝራቱ አጭር ነገር። ከመጨረሻው ማልመጃ እስከ ዘር ቢያንስ ሁለት ሳምንት ባዶ መሬት ይኑርህ። አረም ውስጥ የኖረው ቆራጭ ትል የሚበላው ሲያጣ ይሞታል ወይም ይሄዳል። አረሙን አጥፍተህ በማግስቱ ከዘራህ ቡቃያህን ያጭደዋል። ቦሎቄ መምረጥህ ራሱ ጥሩ ሆኗል። ብዙ ደረቅ ሐረግ የተቀበረበት አፈር ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን ለራሱ ይይዘዋል፤ በቆሎ ብትዘራ ኖሮ ብጫ ሆኖ ያስደነግጥህ ነበር። ቦሎቄ ከአየር የሚያገኘው አለው፤ ይሁንና ገና ሲጀምር ትንሽ ዩሪያ ያነቃቃዋል። ዝርያው ቁጥቋጦ ሆኖ የሚቆመው ይሁን፤ ከመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት አዋሽ-1 እና ናስር አካባቢህ የተለመዱ ናቸው። የሚሳበውን ዓይነት ከዘራህ ሐረጉና ቦሎቄው ሲጠላለፍ የትኛውን እንደምትነቅል ግራ ይገባሃል። በመስመር፣ በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ዝራው፤ መካከሉ ሰው ገብቶ የሚያርምበት ነው።

ሮታቬተሩ የሚገባው እንግዲህ በሰኔ ነው፣ ያውም ሥራማው ሐረግ በሌለበት ክፍል ላይ፣ ጠፍጣፋ መደብ ካስፈለገህ። እኔ ብሆን በመከስከሻ እጨርሰው ነበር። ቀላል አፈር በሮታቬተር ሲደቅ ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ ላዩ እንደ ሸክላ ይደርቃል፣ የቦሎቄ ቡቃያ ደግሞ ያንን ቅርፊት ሲገፋ አንገቱ ይሰበራል።

የትኛውም ማሽን ማሳህ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ግን ይታጠብ። ይህንን ለሾፌሩ አሁኑኑ ንገረው። ዲስኩ ላይ የደረቀ ጭቃ ይዞ የመጣ ሁሉ የሌላውን ሰው አረም ይዞ ነው የመጣው። ቅንጭ አረም አንዱ ተክል በሺዎች የሚቆጠር ዘር ይጥላል። ሐረጉ ተነስቶ ፀሐይ ያየ ባዶ መሬት ደግሞ እሱ የሚመኘው ነው።

በዘራህ በአሥራ አምስተኛው ቀን ዶማ ይዘህ ቀዩ ፌስታል ከታሰረባቸው እንጨቶች ጀምር። ማሽኑ ዞሯቸው ያለፈው እነሱን ነውና ሐረጉ ተመልሶ የሚጀምረው ከዚያ ነው።